አፕዴት ካደረግኩት በኋላ ዲስክ አላነብ አለኝ፦ ችግርና መፍትሄ

«እስከ ትናንት ይሠራ ነበር። ዲስክ አላነብ ያለው አፕዴት ካደረግኩት በኋላ ነው።» ጌም ማሽን ታቅፎ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው፤ በእሱ አልደነግጥም። የሚያስደነግጠኝ ተከትሎ የሚመጣው ነው፦ «ከዚያ ቪዲዮ አይቼ ራሴ ከፈትኩትና ድራይቩን (ዲስክ የሚያነበውን ክፍል) በሙሉ ቀየርኩት።» አሮጌውስ የት አለ ስለው «ጣልኩታ!» ይለኛል።

መጀመሪያ አፕዴቱን ነፃ እናውጣው። ሶፍትዌር ሌንስ አይጭርም፣ የማርሽ ጥርስ አይሰብርም። የሚያደርገው ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ብዙ ሰው ማሽኑን ለወራት ሬስት ሞድ ላይ (ሳይጠፋ በከፊል እንቅልፍ) እያሳደረ አንዴም አጥፍቶት አያውቅም። አፕዴቱ ሲያስነሳው ድራይቩ ራሱን እንደ አዲስ ይፈትሻል፦ ሌንሱ ወደ መነሻው ይመለሳል፣ ሞተሩ ይሞከራል። ሲያነክስ የከረመ ድራይቭ የሚጋለጠው ያኔ ነው። አንዳንድ አፕዴት ደግሞ የድራይቩን የራሱን ፕሮግራም ጭምር ያድሳል። ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፤ ድራይቩ መልስ ካልሰጠው አፕዴቱን ጀምሮ ያቋርጠዋል። ባለቤቱ «አፕዴቱ ድራይቬን ገደለው» ይላል፤ ነገሩ ግን ግልባጩ ነው፣ አፕዴቱን የጣለው የሞተው ድራይቭ ነው።

ዲስኩን እንዳጸዳችሁ፣ ሌላ ዲስክ እንደሞከራችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ እንደሰካችሁ ቆጥሬ ልቀጥል።

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት

ጌም ያነባል፣ ፊልም ግን አያጫውትም? ድራይቩ በአብዛኛው ጤነኛ ነው፣ አትንኩት። ፕሌይስቴሽን 4 የብሉሬይና የዲቪዲ ማጫወቻውን የሚከፍተው አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ካረጋገጠ በኋላ ነው፤ ማሽኑን ፎርማት ያደረገ ሰው እንደገና ይጠየቃል። ኤክስቦክስ ዋን ደግሞ የብሉሬይ ማጫወቻው አፕ ካልተጫነበት ፊልሙን አያጫውትም። የሙዚቃ ሲዲ ፕሌይስቴሽን 4ም ሆነ 5 ከመጀመሪያውኑ አያነቡም፤ በእሱ ድራይቭ እየፈተሹ «ሞቷል» የሚሉ ሰዎች አሉ።

ዲስኩ ይሽከረከራል፣ የጌሙ ምስል ይመጣል፣ ሲነካ ግን አይነሳም ከሆነ አፕዴቱ በእርግጥ የሚጠረጠርበት ቦታ ይህ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ወይም 5 ከሆነ ሙሉ በሙሉ አጥፉት። የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ሁለተኛው ጢጥ እስኪሰማ፣ ሰባት ሰከንድ ያህል፣ ያዙት። መቆጣጠሪያውን በዩኤስቢ ገመድ አገናኙና ከሚመጣው ዝርዝር 5ኛውን፣ ዳታቤዙን እንደገና የሚያደራጀውን፣ ምረጡ። ይህ የተጫወታችሁትን አያጠፋም። 6ኛውና 7ኛው ግን ሁሉንም ጠራርገው ያጠፋሉ። ደግሜ ልበል፦ 6ና 7 ያጠፋሉ። የዓመታት ሴቭ (የተቀመጠ ጨዋታ) በአንድ ጣት ጠፍቶ ያለቀሰ ጎልማሳ አይቻለሁ፤ ድራይቩ ደግሞ ያኔም አላነበበም።

ዲቪዲ ያነባል፣ ጌም አያነብም

ይህ ምልክት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። ብሉሬይ የሚነበበው በ405 ናኖሜትር ሌዘር ነው፣ ዲቪዲ ደግሞ በ650። ሁለቱ አንድ ራስ ላይ ቢቀመጡም የተለያዩ ሌዘሮች ናቸው። ዲቪዲ ካነበበ ሞተሩ፣ ፍላት ኬብል የሚባለው ጠፍጣፋ ስስ ገመድና ቦርዱ በአብዛኛው ደህና ናቸው፤ የደከመው የብሉሬዩ ሌዘር ነው፣ ወይም ሌንሱ ላይ አቧራ አለ።

ማጽዳት ቀድሞ ይሞከር። 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ንጹሕ ጥጥ፣ ቀላል እጅ። ሌንሱ የተንጠለጠለው ፀጉር በሚያካክሉ ሽቦዎች ላይ ስለሆነ አትጫኑት። ሽቶ አይሆንም። የመስኮት ማጽጃ አይሆንም። በአፍ «እህ» ብሎ መወልወልም አይሆንም። ድራይቩ ተከፍቶ ኤሌክትሪክ ላይ እያለ ደግሞ ሌንሱን አፍጥጣችሁ አትዩ፤ ዓይን መለዋወጫ የለውም።

ጽዳቱ ካልሠራ ሌዘሩን ቀይሩ። ድራይቩን አይደለም፤ ሌዘሩን ብቻ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች 860 ቁጥር ያለውን ሌዘር፣ 1200 የሚባለው ሞዴል 490ን፣ ስሊምና ፕሮ 496ን ይጠቀማሉ። አይለዋወጡም። «ኦሪጅናል» ተብሎ የሚሸጠውን ደግሞ በብርሃን አገላብጣችሁ እዩት። ጠርዙ የተፋቀ፣ ሌንሱ ላይ የጣት አሻራ ያለበት፣ የብሎን ቀዳዳው የላላ ሌዘር ከሞተ ማሽን ላይ ተነቅሎ በአዲስ ላስቲክ የታሸገ ነው። እንዲህ ያለውን አስገብቶ ሳምንት ሳይሞላው የሚመለስ ሰው ሁልጊዜ አለ። የሌዘሩን ጉልበት የምትጨምረዋን ትንሽ ብሎን በካቻቪቴ ማዞር የሚመክሩም አሉ። ያነባል፣ አዎ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ጨርሶ ይቃጠላል።

መጫን ጀምሮ ሁልጊዜ እዚያው አካባቢ የሚቆም ከሆነ፣ በሌላ ዲስክም እንዲሁ ካደረገ፣ ሌንሱ የሚንሸራተትበት ዘንግ ደርቋል። አሮጌውን ግሪስ ጥረጉና ለፕላስቲክ የሚሆን ነጭ ግሪስ በጣም በትንሹ ቀቡ። የምግብ ዘይት የቀባ ሰው ማሽን ከፍቻለሁ፤ የአቧራው ሊጥ እስካሁን ይታየኛል።

ዲስክ ይውጣል፣ ይመልሳል፣ ምንም አያነብም

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ አዲሱ ድራይቭ ዲስኩን ለስላሳ አድርጎ ይስባል፣ ይሽከረከራል፣ ድምፁ ጤነኛ ነው፣ ሲታዘዝ ይተፋል። ማሽኑ ግን «ያልታወቀ ዲስክ» ይላል፣ ወይም ዲስክ እንዳልገባ ዝም ይላል። ባለቤቱ ሌላ ድራይቭ ይገዛል። ያም እንዲሁ። ከዚያ «አፕዴቱ ዘግቶብኛል» ብሎ ይደመድማል።

ምክንያቱ ድራይቩ ላይ ያለው ቦርድ ነው። ያ ቦርድ ከማሽኑ ዋና ቦርድ ጋር በፋብሪካ የተቆራኘ ነው፤ ሁለቱ በምስጢራዊ ቁልፍ ይተዋወቃሉ። ባዕድ ቦርድ ሞተሩን ያሽከረክራል፣ ጌም ግን አያስነብብም። ይህ ደግሞ ዛሬ በአፕዴት የመጣ አይደለም። በ2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 ቁልፉ የማይገጥም ድራይቭ ከተሰጠው የጌሙን ዲስክ እንደ ተራ ዲቪዲ ነው የሚያየው። ፕሌይስቴሽን 3 እንደዚያው፣ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 እንደዚያው፣ ኤክስቦክስ ዋን እንደዚያው፣ በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5ም እንደዚያው። በ2023 የመጣው ስሊም ፕሌይስቴሽን 5 ተነቃይ ድራይቭ ስላለው መቀየር ይቻላል፤ እሱም ቢሆን መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ካላገኘ አይተዋወቅም።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ አሮጌው ድራይቭ ካልተጣለ። የሁለቱንም ድራይቭ ሆድ ክፈቱ። ቦርዱ በጥቂት ብሎኖችና በፍላት ኬብሎች ተይዟል። የአሮጌውን ቦርድ አውጥታችሁ አዲሱ ድራይቭ ላይ ግጠሙት፤ የሁለቱ ሞዴል አንድ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። አንዳንድ ሞዴል፣ ለምሳሌ የፕሌይስቴሽን 4 1200፣ ይህ ቦርድ ድራይቩ ውስጥ የለውም፤ ሥራውን የሚሠራው ዋናው ቦርድ ላይ ያለው ቺፕ ስለሆነ ድራይቩን እንዳለ መቀየር ይቻላል። ከፍታችሁ ሳታዩ ግን አትወስኑ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በማርከር አሮጌው ቦርድ ላይ ምልክት አድርጉ። ቀልድ አይደለም፤ ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲሆኑ ልክ መንትያ ናቸው።

ሁለት ወንድማማቾች ሁለት ማሽን ይዘው መጥተው ነበር። የታናሽየው ዲስክ ማንበብ አቆመ፤ ታላቅየው «የኔን ድራይቭ አስገባና እንሞክረው» አለ። አልሠራም። መልሰው ሲገጥሙ ቦርዶቹ ተቀያየሩ፤ አሁን ሁለቱም አያነቡም። ሁለቱም «ቫይረስ ነው» ላይ ተስማምተው ነው የመጡት። ቦርዶቹን ወደየቤታቸው ስመልስ የታላቅየው ወዲያው አነበበ። የታናሽየው ደግሞ ከመነሻው ሌንሱ ላይ የተጣበቀ የጥጥ ክር ብቻ ነበረው።

አሮጌው ቦርድ ከተጣለስ? ዲጂታል ጌም ትጫወታላችሁ፣ ወይም አምራቹ ራሱ ወደሚያሠራበት ትልካላችሁ። «ሌላ ቦርድ ላይ እጭነዋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሲመጣ ቺፑን ነቅሎ ማዛወር መቻሉን ጠይቁት፤ ነቅሎ የሚያዛውረውም ቺፕ ያለው አሮጌው ቦርድ ላይ እንደነበር አስታውሱት። ስለዚህ ሞቷል ብላችሁ ያመናችሁትን ድራይቭ እንኳ አትጣሉ፤ ሻጭ «አሮጌውን ስጠኝና ልቀንስልህ» ቢላችሁም አትስጡ።

ከተከፈተ በኋላ ጭራሽ ዝም አለ

ፍላት ኬብል። ሌላ ነገር ከመጠርጠራችሁ በፊት ፍላት ኬብል። የሶኬቱ መቆለፊያ ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ መጀመሪያ በጥፍር ከፍ ይደረጋል፣ ኬብሉ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ይቆለፋል። ሳይከፍቱ ጎትተው የሚነቅሉ ሰዎች መቆለፊያውን ይሰብሩና ኬብሉ ግማሽ ገብቶ ይቀራል። ያኔ ድራይቩ አንዴ ያነባል፣ አንዴ አያነብም፣ ማሽኑ ሲነካካ ይተፋል። አንዱ መቆለፊያው ሲሰበርበት ኬብሉን በሱፐር ግሉ አጣብቆ አመጣልኝ። ሙጫው በቀጭኑ ክፍተት ተስቦ እግሮቹ መካከል ገብቶ ደርቋል፤ ከአሥራ ምናምን ነጥቦች ሁለቱ ብቻ ይነካሉ። ኬብሉን ሳላቀው የመዳብ መስመሮቹ ከፕላስቲኩ ተላጠው ሶኬቱ ውስጥ ቀሩ።

ማሽኑ ገመዱ ላይ እያለ ኬብል የሰካ ወይም ገልብጦ ያስገባ ከሆነ ወደ ድራይቩ ኃይል የምታደርሰዋ ፊውዝ ሄዳለች። በመልቲሜትር ትታወቃለች፤ ጢጥ ካላለች ተቃጥላለች። በሽቦ አታገናኟት። የሚቀጥለው የሚቃጠለው ቦርዱ ነውና፣ ቦርዱ ደግሞ ከላይ ያወራነው ቦርድ ነው።

ከሚገጥሙኝ ብርቅ ነገሮች፦ ፕሌይስቴሽን 4 ማንም ሳይነካው ጢጥ ጢጥ እያለ ዲስክ የሚተፋ ከሆነ የመትፊያው ቁልፍ ጋ ያለው የሥሩ ጎማ አብጦ እየገፋው ነው። ዲስክ አልስብ ካለ የጎማው ሮለር ይጸዳል፤ ልጅ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ውስጡ ሳንቲም ፈልጉ። የኤክስቦክስ 360 ትሪ ካልወጣ ቀበቶው ላልቷል። አዲስ ሌዘር ፈጽሞ የማያበራ ከሆነ ለስታቲክ መከላከያ ተብሎ የተበየደችው የሊድ ነጥብ ሳትነሳ ቀርታ ይሆናል።

ፕሌይስቴሽን 5 የምትከፍቱ፦ ለድራይቭ ሥራ ዋናው ቦርድ ጋ የሚያደርሳችሁ ነገር የለም። ማቀዝቀዣው ሥር ያለው ፈሳሽ ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አንዴ ከፈሰሰ ችግራችሁ የዲስክ ብቻ አይሆንም። ፓወር ሳፕላዩንም በየትኛውም ማሽን አትክፈቱት።

ሲገጠም ፈተናው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ ዲቪዲ፣ ከዚያ የጌም ዲስክ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ጌም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫን፣ ከዚያ ደጋግሞ ማስገባትና ማስወጣት፣ ከዚያ ማሽኑን አዙሮና አንቀሳቅሶ እንደገና ማስነበብ። የቀረ አፕዴት ካለ የሚጫነው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ እየተጫነ ሳለ ግን ማሽኑን እንዳታጠፉት።