ዝቅ ባለች መኪና ላይ ሲቧጭር የነበረውን ጎማ ያስተካከልሁበት መንገድ

ኮሮላዬን በአጫጭር ሞላ 4 ሳንቲሜትር ዝቅ ካደረግሁ በኋላ 7.5 ኢንች ስፋትና 35 ኦፍሴት (ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መሃል ወደ ውጭ ያለው ርቀት በሚሊሜትር) ያለው የ17 ኢንች ቸርኬ ከ225/45 ጎማ (ስፋቱ 225 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ) ጋር ገጠምሁላት፤ ነገር ግን ከኋላ ሁለት ሰው በተቀመጠ ቁጥር ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር እየተፋተገ ትከሻው ላይ ጣት የሚያህል የተላጨ መስመር አወጣ።

በመጀመሪያ የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ አሳጠፍሁ፤ ቀለሙ ተሰነጠቀ እንጂ ድምፁ አልጠፋም። ቀጥዬ ወደ 205/45 ጎማ ወረድሁ፤ ይህም ከፋብሪካው 195/65 ባለ 15 ኢንች ጎማ በዲያሜትር 18 ሚሊሜትር ስለሚያጥር የፍጥነት ቆጣሪው ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ያሳይ ጀመር፤ ጉድጓድ ላይ ያለው መቧጨርም አልቀረም።

ችግሩን የፈታው የቸርኬው ኦፍሴት ነው። የስፋቱን ግማሽ በሚሊሜትር ወስዶ ኦፍሴቱን መቀነስ ቸርኬው ከመታሰሪያው ገጽ ወደ ውጭ የሚወጣበትን፣ መደመር ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ርቀት ይሰጣል። በዚህ ስሌት 7 ኢንች ስፋትና 45 ኦፍሴት ያለው ቸርኬ የውጭ ጠርዙን ከቀድሞው ቸርኬ 16 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ሲያስገባ፣ ወደ አሞርዛተሩ የሚጠጋው ግን ከ4 ሚሊሜትር በታች ነው። የጭነት ቁጥሩ (ጎማው የሚሸከመውን ክብደት የሚያመለክተው ቁጥር) ከፋብሪካው የማያንስ 215/45 ጎማ አስገጥሜ፣ አራት ሰው ጭኜ ያንኑ ጉድጓዳማ መንገድ ስመላለስበት ጎማው ምንም አልነካም።