የአያታችሁን የፈረስ ስም እንዴት ትፈታላችሁ?

ዝና ማለት በግዕዙ ከዜና ጋር ይዛመዳል፤ የተነገረ፣ የተወራ ነገር ነው። በእኛ በጎጃም የአንድ ጀግና ወሬ አጥሮ የሚቀመጠው በፈረስ ስሙ፣ ማለትም በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ተብሎ በሚጠራበት ስም ነው፤ ስለዚህ ሲፈታ በጥንቃቄ ይሁን።

መጀመሪያ «አባ»ን ለብቻ አውጡት። መነኩሴ ማለት አይደለም፤ የፈረሱ ጌታ ማለት ነው። ፈረሳቸው ዳኘው ስለሆነ ምኒልክ አባ ዳኘው ተባሉ። ይህን ባለማወቅ አያቱን ያመነኮሰ ተማሪ አይቻለሁ።

የቀረውን ቃል እንደ ትእዛዝ አንብቡት። የቴዎድሮስ ታጠቅ፣ የዮሐንስ በዝብዝ ትእዛዞች ናቸው። የራስ መኮንን ቃኘው ግን ትእዛዝም ያለፈ ድርጊትም ሊሆን ይችላል፤ ጽሕፈቱም ንባቡም አንድ ነውና። አትከራከሩ፣ ሁለቱንም መዝግቡ። ይኸው ስም ራስ መኮንን ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ለዘመተው ሻለቃ ጦር ተሰጥቷል።

ለእኛ የሚቀርበው የበላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ነው። መሰከረ «መስክር» እንደሚል፣ ኮሰተረም «ኮስትር» ይላል፤ ኮስታራ ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። በላይ በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ፤ ዛሬም በግጥም ሲነሣ ከደጃዝማችነቱ ይልቅ አባ ኮስትር ይቀድማል።

መዝገበ ቃላት የሚያደርሳችሁ እስከዚህ ነው። የቀረው በሽማግሌዎች እጅ ነው፤ ነገር ግን «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እንግዳ ላለማሳፈር ሲሉ እዚያው አሳምረው ይፈጥሩላችኋል። «አያ፣ ሲፎክሩ ምን ይሉ ነበር? በለቅሷቸው ዕለት አልቃሿ ምን ብላ ገጠመች?» በሉ። እኔ በበኩሌ ከወንዶቹ ይልቅ አሮጊቶቹን አምናለሁ። ወንዶቹ የራሳቸውን ፉከራ ይቀላቅሉበታል፤ ሙሾ ግን ቤት ስለሚመታ አንድ ቃል ቢለወጥ ወዲያው ያስታውቃል።

የፈረሱንም መልክ ጠይቁ፤ ዳማ ነበር ወይስ ቦራ? መልኩን የሚያስታውስ ከተገኘ ፈረሱ በርግጥ ነበረ ማለት ይቻላል። ካልተገኘ ስሙ ከሌላ ሰው የተወረሰ እንዳይሆን ተጠራጠሩ።

በቤተሰብ ውስጥ የሚያስታውስ ከጠፋ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲያከብር ሂዱ። ፈረስ ያለው ሰው ስለ ፈረስ ሲጠየቅ አይሰለቸውም። ስልካችሁን ለመቅጃ አዘጋጁ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ከጉግሡ ሜዳ ራቅ ብላችሁ አናግሩ፤ በሆታው መካከል ምንም አይሰማም።