ለጀማሪዎች እንግሊዝኛ ማዳመጥን ስናስተምር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር እንግሊዝኛ የሚጀምሩ ወጣቶች አብዛኞቹ በወረቀት ላይ ያለ ቀላል ዓረፍተ ነገር ማንበብ አይቸግራቸውም። ያንኑ ዓረፍተ ነገር በጣና ዳር አንድ ጎብኚ ሲናገረው ግን ግር ይላቸዋል። ጉዳዩ የአስጎብኚዎችና የሆቴል ሠራተኞች ብቻ አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ስላደረገው፣ ማዳመጥ ያልለመደ ተማሪ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ያመልጠዋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ፈተናን እንደ ትምህርት መቁጠር ነው። መምህሩ ምንባቡን ሁለት ጊዜ ያነባል፣ አምስት ጥያቄዎች ያቀርባል፣ መልሶቹን በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ያገኙ እጃቸውን እንዲያወጡ ይጠይቃል፤ ከዚያም ወደ ሰዋስው ይሻገራል። ሦስቱን ጥያቄዎች የሳተው ተማሪ ለምን እንደሳተ ማንም አልነገረውም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም በዚያው ቦታ ይሳሳታል። ይህ አሠራር ጎበዙን ለይቶ ያሳያል እንጂ ማንንም አያስተምርም፤ እንዲህ ሆኖ ሳለ በየመማሪያ ክፍሉ እንደ ሥርዓት ጸንቶ መቀጠሉ ያሳዝናል። እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው መልሱ ከታረመ በኋላ ነው። ተማሪዎቹ የሳቱበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ደጋግሞ ማሰማትና የሰሙትን፣ በአማርኛ ፊደልም ቢሆን፣ እንዲጽፉ ማድረግ ያስፈልጋል። ተማሪው «ፒክ ኢት አፕ» የተባለውን «ፒኪታፕ» ብሎ ከጻፈ ጆሮው አልተሳሳተም፤ ድምፁን በትክክል ይዟል፤ ያላወቀው ሦስት ቃላት ተያይዘው መነገራቸውን ነው። ጨርሶ ያልተባለ ድምፅ የጻፈው ተማሪ ችግሩ ሌላ ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱም የተለየ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ✗ ብቻ ያደረገ መምህር እነዚህን ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም።

ሁለተኛው ስህተት ከርኅራኄ የሚመነጭ ነው፤ ተማሪው እንዲገባው በማሰብ እያንዳንዱን ቃል ነጥሎና ጎትቶ መናገር። አማርኛ የቃሉን ክፍለ ድምፆች ይብዛም ይነስም በተመጣጠነ ርዝመት ሲያሰማ፣ እንግሊዝኛ ግን ዋናውን ቃል አጉልቶ ረዳቶቹን ይውጣቸዋል። «ካን» በዓረፍተ ነገር መካከል ደክማ «ክን» ትሆናለች፤ አሉታዊዋ «ካንት» ደግሞ ጎልታ ትነገራለች፣ በብዙ ተናጋሪዎች አፍ ግን የመጨረሻዋ «ት» እምብዛም አትሰማም። አንድ ጀማሪ አስጎብኚ እንግዶቹ በማግሥቱ ወደ ዘጌ መሄድ እንደማይችሉ ሲነግሩት የሚችሉ መስሎት ጀልባ አዘጋጅቶ፣ ጠዋት ወደቡ ላይ ቆሞ ሲጠብቃቸው አርፍዷል። በክፍል ውስጥ ሁለቱም ቃላት እኩል ጎልተው ሲነገሩ ስለኖሩ፣ ጎልቶ የሰማውን ሁሉ «ካን» ብሎ ቢተረጉም አይፈረድበትም። መዘግየት ካስፈለገ ቃላቱን ሳይጎትቱ በሐረጎች መካከል ያለውን ዕረፍት ማርዘም ይበቃል።

የሰዓት ልምምድን ያለ ዝግጅት ማቅረብም በእኛ አገር ልዩ ችግር ይፈጥራል። ጀልባው «አት ሰቨን» ይነሣል ሲባል ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት ነው፤ ቁጥሩን በትክክል የሰማ ተማሪ ግን «ሰባት ሰዓት» ብሎ ይጽፋል፤ በዚያ ሰዓት ቢመጣ ጀልባው ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ይህን የማዳመጥ ጉድለት አድርጎ ነጥብ መቀነስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የሰዓት አቆጣጠሩን ልዩነት አስቀድሞ በሰዓት ሥዕል ላይ ማለማመድ፣ ከዚያም የድምፅ ቅጂውን ማሰማት ይገባል። «ፊፍቲን»ና «ፊፍቲ»ም እንዲሁ ለብቻቸው ልምምድ ይሻሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለያቸው ጉልበቱ በመጨረሻው ወይም በመጀመሪያው ክፍል ላይ ማረፉ ነው፤ የጀልባ ዋጋ ለሚነጋገር ሰው ደግሞ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

«ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም፤ ሁሉም «አዎ» ይላል።

ጥያቄውን ከማዳመጥ በኋላ መስጠት የማስታወስ ችሎታን መፈተን ነው፤ ተማሪው ምን ፈልጎ እንደሚያዳምጥ አስቀድሞ ይወቅ። መልሱንም በረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ማስገደድ ማዳመጡን ወደ ጽሕፈት ይለውጠዋል። ሥዕል ማመልከት፣ በካርታ ላይ መንገድ መከተል፣ በአማርኛ መመለስ ለጀማሪ በቂ ማስረጃዎች ናቸው።

የመምህሩን ድምፅ ብቻ ማሰማትም ይቅር፤ ወደ ጣና ከሚመጡት እንግዶች ብዙዎቹ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ናቸው። ቅጂው ለጀማሪ ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ ደግሞ ከስልክ የሚወጣ ድምፅ ለኋላ ረድፍ ስለማይደርስ፣ ክፍለ ጊዜውን ዝናብ ወደማይበዛበት ሰዓት ማዛወር፣ ካልተቻለም ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ስልክ መስጠት ያስፈልጋል።