ተጣጣፊ ሐዲድ ኩርባ ላይ ሲጋጠም

የምሠራው የድሬዳዋን የባቡር መስመር ነው፣ በትንሹ፣ በሞዴል ባቡር፤ የምኖረው ግን ፍራንክፈርት፣ ባቡሬም ያለው ምድር ቤት። የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። በ1፡87፣ ማለትም 87 ጊዜ ሲያንስ፣ 12 ሚሊ ሜትር ግድም ይመጣል። ስለዚህ የምገዛው ፔኮ የሚባለውን የሞዴል ሐዲድ አምራች ባለ 12 ሚሊ ሜትር ተጣጣፊ ሐዲድ ነው፤ በእጅ ወደፈለጉት ኩርባ የሚጎብጥ ማለት ነው። አዲሱን መስመር የምትሠሩ ከሆነ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው የሚሆንላችሁ፤ አሠራሩ ያው ነው። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለነበር ሙሉውን ልሥራ ብል 9 ኪሎ ሜትር ጠረጴዛ ያስፈልገኛል። ባለቤቴ የፈቀደችው አንድ ግድግዳ ነው።

ኮምፔንሳቶው ላይ መጀመሪያ መስመሩን በእርሳስ ሥሩ፤ በላዩ ቡሽ ለጥፉ። ቀጥታው ቦታ ላይ ብዙ ወሬ የለም። ጣጣው ያለው ኩርባው ላይ ነው።

ተጣጣፊ ሐዲድ ስታጎብጡት ተመልሶ ቀጥ ማለት ይፈልጋል። ጉልበቱ ሁሉ የሚወጣው ጫፉ ላይ ነው። ሁለት ቁራጭ ካጎበጣችሁ በኋላ ኩርባው ላይ ብታጋጥሙ መጋጠሚያው ወደ ውጭ ሾል ይላል፤ ፉርጎውም እዚያው ላይ ይወርዳል። እኔ ከቻልኩ መጋጠሚያውን ቀጥታ ቦታ ላይ እንዲውል አደርጋለሁ። ካልተቻለ ግን ሁለቱን ቁራጮች ገና ቀጥ እንዳሉ አጋጥሜ ሶልደር አደርጋለሁ፤ የማጎብጠው ከዚያ በኋላ ነው። እንደ አንድ ረጅም ሐዲድ እኩል ይታጠፋል።

ሲጋጠም እንዲህ ነው። ጫፉን በሞረድ አስተካክሉ፤ የሐዲዱን የታች ጠርዝም ትንሽ ሞርዱት፣ ሁለቱን ጫፎች የሚያያይዘው ማገናኛ ብረት ሳይታገል ይገባል። ሐዲዱን ከሥር ከያዙት የፕላስቲክ አግዳሚዎች ጫፉ ላይ ያሉትን ሁለቱን ቆርጣችሁ አውጡ፤ ማገናኛው ቦታ ይፈልጋል። አትጣሏቸው፣ ኋላ ጀርባቸውን አሳስታችሁ ከሥር ትሰኳቸዋላችሁ። ሶልደር ስታደርጉ ግራና ቀኝ ያሉትን አግዳሚዎች በረጠበ ሶፍት ሸፍኑ። ፕላስቲክ ነውና ሙቀቱ ከቆየበት ይቀልጣል። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን አሲድ ያለበት ፍላክስ (ሶልደሩ እንዲይዝ የሚቀባውን) አታስጠጉት፤ ሐዲዱን ይበላዋል።

ሲጎብጥ የውስጠኛው ሐዲድ ከውጨኛው አልፎ ይወጣል። ሬዲየሱ 45 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በአንድ 914 ሚሊ ሜትር ቁራጭ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ትርፉን በሐዲድ መቁረጫ ፒንሳ ቁረጡ፤ ጠፍጣፋው ፊቱ ወደምታስቀሩት ወገን ይሁን። መነጽር አድርጉ፣ ቁራጩ ተስፈንጥሮ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ከዚያ እንደገና ሞረድ።

ሐዲዱን በአግዳሚው መሃል አልፎ ከጠረጴዛው ጋር የሚይዘውን ምስማር ጠበቅ አድርጋችሁ አትምቱ። የአግዳሚው መሃል ወደ ታች ከሰረጎደ ሁለቱ ሐዲዶች ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ ስፋቱም ይጠባል። የምስማሩ ራስ አግዳሚውን ነካ ሲያደርግ ይበቃል።

ሁሉንም መጋጠሚያ ግን ሶልደር አታድርጉ። ክረምት ማሞቂያው ሲበራ እንጨቱ ይደርቃል፣ ይሰበሰባል። ሐዲዱ መላወሻ ካጣ ይጎብጣል። ቀጥታው ቦታ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት እተዋለሁ። ታዲያ ማገናኛው ብቻውን መብራት ያስተላልፋል ብላችሁ አትመኑት፤ ይዝጋል፣ ይላላል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ሽቦ ከሥር ስጡት። በትራፓኖ አንድ ቀዳዳ ነው፣ ሥራው ቀላል ነው።

ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጥፍራችሁን በመጋጠሚያው ላይ አሳልፉ፣ በላዩም በውስጥ ጎኑም። ጥፍር ከያዘ ጎማም ይይዛል። ጎንበስ ብላችሁ በሐዲዱ ርዝመት እዩት፤ ከላይ የማይታይ ጉብጠት ከዚያ ይታያል። ፉርጎ በእጅ ግፉበት፤ ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም።

በአግዳሚዎቹ መሃል የሚፈሰውን ደቃቅ ጠጠር ለማፍሰስ አትቸኩሉ። ኮላ አንዴ ከደረቀ ማንሳቱ መከራ ነው። እኔ ባቡሩን ጥቂት ሳምንት አስኬድበታለሁ። ከዚያ ጠጠሩን በብሩሽ አስተካክዬ ውኃ በገባበት ነጭ ኮላ አጠጣዋለሁ፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከጨመራችሁበት ጠጠሩ ውስጥ ቶሎ ይሰርጋል። መስመር መቀየሪያው አጠገብ ግን ኮላውን በስቴኪኒ ጫፍ ብቻ አድርጉ፤ ወደሚንቀሳቀሰው ምላስ ከፈሰሰ ያጣብቀዋል።