ቴክኒክና ሙያ ለሚገባ የጎጃም ወጣት፦ ሙያ ከመምረጥ እስከ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና)

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ከቀሩት ውስጥ ቴክኒክና ሙያ የሚገባው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን የሚመዘገበው ስሙ ደስ ያለውን ወይም ጓደኛው የገባበትን መስክ ይዞ ነው። ሥልጠናው መሀል ላይ ሲደርስ ችግሩ የሚወጣው ከዚህ ነው።

ከመጨረሻው ጀምሩ

ይህ ሥልጠና በክፍል ተጀምሮ በክፍል አያልቅም። ከፊሉ የሚሰጠው ከግቢ ውጪ በጋራዥ፣ በሆቴል፣ በፋብሪካ ወይም በግንባታ ቦታ ነው፤ የትብብር ሥልጠና የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ «የትኛው መስክ ይሻላል?» ከማለት በፊት «በእግሬ ወይም በአንድ ባጃጅ ደርሼ የምሠራበት ድርጅት የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መንገድ ሲዘጋ ወይም መኪና ሲጠፋ ቀድሞ የሚቋረጠው ይህ ክፍል ነው።

አንድ ወረቀት ላይ የሚስቧችሁን ሦስት መስኮች ጻፉ። በእያንዳንዱ ሥር ሠልጣኝ ሊቀበሉ የሚችሉ ሦስት ሦስት ድርጅቶች ዘርዝሩ። ሦስት ድርጅት ያልሞላለትን መስክ ሰርዙት፣ ምንም ያህል ቢያምራችሁ።

ባሕር ዳር ላይ ለሆቴልና መስተንግዶ፣ ለጨርቃ ጨርቅና ስፌት፣ ለአውቶሞቲቭ ቦታ ማግኘት ብዙ አያስቸግርም። ቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ ስላለ፣ በዚያ አካባቢ ያለ ልጅ ምግብ ማቀነባበርን ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክና የማሽን ጥገናንም ያስብበት፤ ፋብሪካ ሲቆም የሚፈለገው ጠጋኝ ነው። ደጀን የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ናት፤ ከበረሃው የሚወጣ የጭነት መኪና ፍሬኑ ግሎ፣ ራዲያተሩ ፈልቶ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ የከባድ መኪና ፍሬንና ማቀዝቀዣ እዚያ በደንብ ይለመዳል። መራዊ ላይ የቆጋ መስኖ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር ያጠጣል ተብሎ «የፓምፕ ጥገና ያዋጣል» የሚል ይሰማል። ቆጋ ግን ውኃውን በአብዛኛው በቦይ ነው የሚያወርደው። ፓምፕ ያለው ከወንዝ እየሳበ በሚያጠጣው ገበሬ እጅ ነውና ደንበኛ ስትቆጥሩ እሱን ቁጠሩ።

ከዚያ ኮሌጁ ሂዱና ወርክሾፑን በዓይናችሁ እዩ። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና ቡሬ ያሉትን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች ጨምሮ የትም ብትሄዱ ጥያቄው አንድ ነው፦ የሚሠራው ማሽን ስንት ነው? የተገዛው ሳይሆን የሚሠራው። ለ25 ሠልጣኝ ሁለት የብየዳ ማሽን ብቻ ካለ፣ በሦስት ሰዓት የተግባር ጊዜ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 14 ደቂቃ ገደማ ነው። በ14 ደቂቃ እጅ አይፈታም። እዚያው እያላችሁ ሬጅስትራሩን መስኩ ዘንድሮ በየትኛው የሥልጠና ደረጃ እንደሚከፈት፣ ዲፓርትመንቱን ደግሞ የዚያ ሙያ ምዘና የት እንደሚሰጥ ጠይቁ።

ምዝገባ

የ8ኛ፣ የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ውጤት እንደምትገቡበት ደረጃ፤ ትራንስክሪፕት፤ መታወቂያ፣ ካላችሁ ፋይዳ፤ አራት ጉርድ ፎቶ። ዋናውንና ሁለት ሁለት ኮፒ ያዙ፤ ኮፒ ቤት መብራት የሚጠፋው ሁሌ በምዝገባ ቀን ነው። የመግቢያ ነጥብ በየዓመቱ ስለሚቀያየር ያምናን ማስታወቂያ አትመኑ።

አንድ ነገር ግን ቸል አይባልም፤ ስም። መታወቂያው ላይ «ኃይሌ»፣ ውጤቱ ላይ «ሀይሌ» ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍም አንዱ ላይ አንድ ፊደል ከጎደለ፣ ዛሬ ማንም ምንም አይላችሁም። ምስክር ወረቀት የሚወጣ ቀን ነው የሚያስለቅሰው። ፎርሙን ከመፈረማችሁ በፊት ስማችሁን ከነአያት በሦስቱም ወረቀት ላይ አስተያዩ፤ ልዩነት ካለ እዚያው ይስተካከል።

ከገጠር የምትመጡ ከሆነ የቤት ኪራዩን ለሁለት ወይም ለሦስት ተካፈሉ፤ ስንቅ የሚያመጣው ሰው የሚመጣበትን የገበያ ቀን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሽሮና በርበሬ ለወር ይበቃል፤ እንጀራ ግን አራት ቀን ሲሞላው ይሻግታልና ድርቆሽ አድርጉት።

ወርክሾፕ ውስጥ

ቱታው የጥጥ ይሁን። ፖሊስተር በብየዳ ብልጭታ ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ጫማው ጣት የሚሸፍን ብረት ያለው ሴፍቲ፤ የሱሪው ጫፍ ከጫማው ውጪ እንጂ ውስጥ አይከተት፣ ብልጭታ ሰተት ብሎ ይገባል። ቀለበት፣ የአንገት ማተብ ወይም ሰንሰለት ከሚሽከረከር ማሽን ፊት አይታሰብም፤ ማተብ የማይፈታ ሰው ከቱታው ሥር ጠበቅ አድርጎ ይሸጉጠው።

ኮሌጆቻችን ካይዘንን (ሥራን በየጊዜው የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ስለሚከተሉ ግድግዳው ላይ አምስቱን «ማ»ዎች ታነባላችሁ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። አብዛኛው ሠልጣኝ ማጽዳት ላይ ይቆማል። ለውጥ የሚያመጣው ሁለተኛው ነው፤ ለእያንዳንዱ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ሞረድ ሰሌዳ ላይ ቅርጹ ከተሣለ የጎደለው ዕቃ ከበር ሳይወጣ ይታወቃል።

የትብብር ሥልጠና

ድርጅቱን ኮሌጁ እስኪመድብ አትጠብቁ። ከመነሻው ቀን አንድ ወር ቀድማችሁ ሂዱ፤ ጠዋት 2፡30 ላይ ሥራ ሳይጧጧፍ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሳይሆን። ጋራዥ ከሆነ ባለቤቱን ሳይሆን መጀመሪያ ዋናውን ሜካኒክ አነጋግሩ፤ «ጋሼ፣ የፖሊ ቴክኒክ ሠልጣኝ ነኝ፣ ለትብብር ሥልጠና ቦታ ፈልጌ ነው፣ ደብዳቤ አመጣለሁ» ማለት በቂ ነው። እሱ ካልፈለጋችሁ ባለቤቱ ቢፈቅድም መኪና ስታጥቡ ትከርማላችሁ።

ደብዳቤው ላይ ሦስት ነገሮች ይኑሩ፦ የምትሠሩባቸው ቀናትና ሰዓታት፣ የሚከታተላችሁ የድርጅቱ ባለሙያ ስም፣ መሸፈን ያለባቸው የብቃት አሃዶች (ሙያው የተከፈለባቸው የሥራ ክፍሎች) ዝርዝር። ዝርዝሩ ከሌለ ድርጅቱ የሚያሠራችሁ የሚመጣለትን ሥራ ብቻ ነው። ጎማ ሲለዋወጥ ሦስት ወር ያልፍና ምዘናው የሞተር ማስተካከል ይሆናል። ዝርዝሩን ለሜካኒኩ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ስጡት፤ በየሁለት ሳምንቱ ያልተነካውን አሳዩት።

ሎግ ቡክ በየቀኑ ይሞላል፦ ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ የተሠራው ሥራ፣ የተጠቀማችሁበት መሣሪያ፣ የገጠመ ችግርና መፍትሔው፣ ፊርማ። «ፍሬን ሠራን» ተብሎ አይጻፍም። «የኋላ ግራ ፍሬን ሸራ ተቀየረ፣ ከበሮው ተለካ፣ አየር ተነፈሰ» ይጻፍ። የሦስት ወር ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ በአንድ ቀን የተደረደረበትን ሎግ ቡክ አሠልጣኝ ገና ሲገልጠው ያውቀዋል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚያስጠይቀውም ይህ ነው።

ከትምህርቱ ጎን

ክበብ ብዙ አለ፤ ሚኒ ሚዲያ፣ የሥርዓተ ፆታ፣ የፀረ ኤድስ፣ ክረምት ላይ የችግኝ ተከላ። ሁለቱ ውስጥ ከገባችሁ በቂ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነፃ ነው፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይሰጣል፣ ሲጨረስም ሰርተፍኬት አለው። ቪዲዮ ስላለው በስልክ ዳታ ከማቃጠል የኮሌጁ ኢንተርኔት በሚሠራበት ሰዓት መከታተል ያዋጣል። የብረት ወይም የእንጨት ሠልጣኝም ቢሆን ዳታ ሳይንሱን ትቶ ፕሮግራሚንጉን ቢሞክር አይጎዳም።

ከሁሉ ግን ጊዜ የሚገባው የክህሎት ውድድሩና የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽኑ ነው። በየዓመቱ ብዙ ሥራ ይቀርባል፣ አብዛኛው ለዳኛ የተቀባ ብረት ነው። የሚያሸንፈውም፣ በኋላ የሚሸጠውም የጎረቤት ገበሬ ችግር የፈታ ነው። የበቆሎ መፈልፈያን እንውሰድ። በ50 ኸርዝ መብራት የሚሠራ አራት ፖል ሞተር በደቂቃ 1,440 ገደማ ይዞራል። ይህን እንዳለ ለከበሮው ከሰጣችሁት ፍሬው ይሰባበራል። ሞተሩ ላይ 100 ሚሊ ሜትር፣ ከበሮው ላይ 200 ሚሊ ሜትር ፑሊ (የቀበቶ መዘውር) ብትገጥሙ ከበሮው ወደ 720 ይወርዳል፤ አሁንም ፍሬ ከተሰበረ የከበሮውን ፑሊ አሳድጉ እንጂ ሞተሩን አትንኩ። ቀበቶው ከጮኸ ወይም ከሸተተ ላልቷል፣ አለዚያም ሁለቱ ፑሊዎች በአንድ መስመር አይደሉም፤ ክር ወጥራችሁ አስተያዩ። ገና ያልደረቀ በቆሎ አይፈለፈልም፣ ይጨመቃል፤ ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት እህሉን እዩ። ከኤግዚቢሽኑ በፊት ቢያንስ አንድ ኩንታል በገበሬ ፊት ፈልፍሉበትና ደቂቃውን መዝግቡ። ዳኛ ፊት ስትቀርቡ ንድፉን፣ የዕቃ ዋጋ ዝርዝሩንና ያንን መዝገብ አስቀድሙ፤ ቀለሙ በኋላ ይደርሳል።

ሲኦሲ

ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ነው። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው እንጂ ሰማንያ ምናምን የሚባል የለም። ስለዚህ በአማካይ ደህና መሆን አያድንም። አንድ የግድ የሚባል ነጥብ፣ ብዙውን ጊዜ የደኅንነት፣ ቢጎድል ሌላውን ሁሉ ይጥላል።

ለብየዳ፦ ኢ6013 ኤሌክትሮድ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ60 እስከ 90 አምፔር፣ 3.2 ከሆነ ከ90 እስከ 130፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ይቀድማል። በተመሳሳይ ቁራጭ ብረት ሞክራችሁ አስተካክሉ። የእሳቱ ርዝመት ከኤሌክትሮዱ ውፍረት አይብለጥ። ጠርዙ ተቦርቡሮ ከቀረ አምፔሩ በዝቷል ወይም እጃችሁ ፈጥኗል። ቀዳዳ ቀዳዳ ከሆነ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ጠጥቷል ወይም ብረቱ ላይ ዝገትና ቅባት አለ፤ የክረምት ወር ምዘና ከሆነ ኤሌክትሮዱን ከሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳድሩት። ሁለተኛውን ዙር ከመጀመራችሁ በፊት ቅርፊቱን እስከ መጨረሻው ቀረፉት፣ በሽቦ ቡሩሽም ጥረጉት፤ ውስጥ ተቀብሮ የቀረ ቅርፊት ብረቱ ሲታጠፍ ይጋለጣል። ሁለቱን ጫፍ በነጥብ ሳትይዙ ከአንድ ወገን ከጀመራችሁ ብረቱ ወደ ብየዳው ይጎብጣል፣ በመዶሻም አይመለስም። የብየዳ ጭምብሉ መስታወት ቁጥር 10 ወይም 11።

ለኤሌክትሪክ ዝርጋታ፦ ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 10 አምፔር ብሬከር፣ ለሶኬት 2.5 እና 16 አምፔር። ቢጫና አረንጓዴው ለመሬት ብቻ ነው፣ «ሽቦ አለቀ» ተብሎ ለፌዝ (ኃይል ለሚያመጣው መስመር) አይውልም። ሰማያዊው ኒውትራል (የመመለሻው መስመር) ነው። ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን ይሁን። ኒውትራሉን ብትቆርጡ መብራቱ ይጠፋል፣ መዛኙ ቴስተር ሲያስገባ ግን አምፖሉ መያዣ ላይ እሳት አለ፤ ያን ጊዜ አለቀ። የደረጃ መብራት፣ ከሁለት ቦታ የሚበራውና የሚጠፋው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የማብሪያ ማጥፊያውን የጋራ ጫፍ ከሁለቱ ተመላላሾች (ሁለቱን ማብሪያ ማጥፊያዎች ከሚያገናኙት ሽቦዎች) ጋር ስለሚያምታታ ነው፤ ምልክቱም «ከላይ ካልበራ ከታች አይበራም» ነው። ሽቦው የሚላጠው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከብሎኑ ውጪ ራቁት መዳብ አይታይ። ኃይል ከመልቀቃችሁ በፊት በመልቲሜትር መስመሩን ፈትሹ፣ ስትፈትሹም መዛኙ እንዲያያችሁ አድርጉ።

በቤት ልምምድ ሰዓት ያዙ። ሁለት ሰዓት ለሚፈቀድ ሥራ በአንድ ሰዓት ከአርባ መጨረስ ካልቻላችሁ ገና ናችሁ፤ በምዘናው ቀን እጅ ይንቀጠቀጣል፣ መብራትም ሊቆራረጥ ይችላል። ዕለቱን ጠዋት ሥዕሉን ሁለት ጊዜ አንብቡ፣ ዕቃውን ከዝርዝሩ ጋር ቁጠሩ፤ የጎደለ ካለ ከመጀመራችሁ በፊት ተናገሩ። ሥራው መሀል «ፒንሳ አልነበረኝም» ማለት አይሰማም። «ገና» ከተባላችሁ የወደቃችሁበትን አሃድ ለይታችሁ ያዙና እሱን ብቻ ከአሠልጣኙ ጋር ከሥር ሥሩ ሥሩት።

ምስክር ወረቀቱን ስትቀበሉ ከመስኮቱ አትራቁ። ስማችሁን ከነአያት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውንም፣ የሙያውን ስምና ደረጃውን መታወቂያችሁን ይዛችሁ እዚያው አንብቡ። ስህተት ካለ ሠራተኛዋ ፊት ሳላችሁ ይታረማል።