በመንግሥት መማሪያ መጽሐፍ የሚማር ልጅን ከክርስትና እምነቱ ሳያርቁ እንዴት ማስጠናት ይቻላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነፃ እንዲሆን ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው አንጸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ስለዚህ በሐዋሳ ልጁን የሚያስተምር ክርስቲያን ወላጅ ይህን ኃላፊነት ከክፍል መምህሩ ሳይጠብቅ፣ ማታ ልጁ ደብተሩን ሲዘረጋ ራሱ ሊወጣው ይገባል።

በመጀመሪያ መጽሐፉን ራስዎ ያንብቡትና ከእምነት ጋር የሚገናኙትን ምዕራፎች በእርሳስ ምልክት ያድርጉባቸው። ለየገጹ ጥቅስ መፈለግ ልጁን ያሰለቻል፤ ቃሉንም ያቀልላል።

ቀጥሎ ልጁ ትምህርቱን በሚገባ መረዳቱን ያረጋግጡ፤ የእምነቱ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል። መቶኛን ሲማር፣ አንድ ኪሎ ብሎ 900 ግራም ቲማቲም የመዘነ ነጋዴ ከገዢው ላይ በመቶ ስንት እንዳጎደለ ያስሉት። 10 በመቶ መሆኑን ሲደርስበት ምሳሌ 11፥1ን ያስነብቡት፤ ሐሰተኛ ሚዛን ለምን እንደተወገዘ ያኔ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ስለ ምግብ ሰንሰለት ሲማር ደግሞ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ወስደው አባ ኮዳ የተባሉት ትልልቅ ወፎች በዓሣ ቅሪት ሲሻሙ ያሳዩትና፣ ፍጥረት ሁሉ ምግቡን ከእግዚአብሔር እንደሚጠብቅ የሚናገረውን መዝሙር 104ን አብራችሁ አንብቡ። በታሪክ ትምህርት፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዒዛና ሳንቲሞች ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል የተተካው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

ከባዱ ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ የሚያወሳው ምዕራፍ ነው። ገጹን አይዝለሉት፤ መምህሩንም በልጁ ፊት አያጣጥሉ። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት መጽሐፉ ሲገልጽ፣ ዕድሜው በእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች እንደተሰላ ልጁ በራሱ አንደበት ያስረዳዎት። ከዚያ ሰው በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጠረ ማለት ምን እንደሆነ ዘፍጥረት 1ን ገልጣችሁ ተነጋገሩ። የፍጥረትን ቀናት በተመለከተ ክርስቲያኖች ራሳቸው የተለያየ አረዳድ እንዳላቸው አይደብቁት፤ ይህን ከወላጁ አፍ የሰማ ልጅ በኋላ ከሌላ ሲሰማው አይደነግጥም። በፈተናም በክፍል የተማረውን መጻፉ ትምህርቱን መከታተሉን እንጂ እምነቱን መካዱን እንደማያሳይ በግልጽ ይንገሩት።

በመጨረሻ፣ ሊመልሱለት ያልቻሉትን ጥያቄ በአንድ ደብተር አስጽፈው እሑድ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩ ወይም ለፓስተሩ ራሱ እንዲያቀርበው ያድርጉ።