የሥራ ቦታ ሥልጠና ከሥራው እንዳይነጠል፦ በሐዋሳ ያሉ አሠሪዎችና አሠልጣኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአጎራባች አካባቢዎች የመጡ በርካታ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፋብሪካ ገብተው የስፌት ማሽን ላይ ተቀምጠዋል። በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ሆቴሎችም በየጊዜው አዳዲስ ሠራተኞችን ይቀጥራሉ። አሠሪዎቹ ሥልጠና መስጠታቸው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙው ሥልጠና ከአዳራሽ ወጥቶ ሥራው ላይ የማይደርሰው በሠልጣኙ ስንፍና ሳይሆን ሥልጠናው በተዘጋጀበት መንገድ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያውና ለሌሎቹም በር የሚከፍተው ስህተት፣ ሥራው ላይ ከታየ ችግር ሳይሆን አስቀድሞ ከተዘጋጀ ሰነድ መነሣት ነው። ለአንድ ሆቴል አስተናጋጆች ስለ ደንበኛ አያያዝ የሁለት ቀን ገለጻ ከማሰናዳት በፊት፣ ቅዳሜና እሁድ እንግዳ ሲበዛ ትዕዛዝ የሚዘገየው የት እንደሆነ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። መዘግየቱ የሚፈጠረው ትዕዛዝ ሲጻፍ ነው ወይስ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ወይስ ሒሳብ ሲከፈል? ችግሩ ያለው ወጥ ቤት ከሆነ አስተናጋጆቹን ማሠልጠን ጊዜያቸውን መውሰድ ብቻ ነው። ጎልማሳ ሠራተኛ የሚማረው ነገር ነገ ጠዋት ሥራውን እንደሚያቀልለት ሲያይ ጆሮውን ይሰጣል፤ ካላየ ግን ለአሠልጣኙ ክብር ሲል ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ዝምታውም እንደ መረዳት ይቆጠራል።

ሁለተኛው ስህተት ሠልጣኙ ምንም እንደማያውቅ ቆጥሮ መጀመር ነው። አሜሪካዊው የጎልማሶች ትምህርት ምሁር ማልኮም ኖውልስ አጥብቆ ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ፣ ጎልማሳ ወደ ትምህርት የሚመጣው ከነልምዱ እንደሆነና ልምዱን መናቅ ራሱን እንደ መናቅ አድርጎ እንደሚወስደው ነው። ከገጠር የመጣች ወጣት የስፌት ማሽን አይታ ላታውቅ ትችላለች፤ እናቷን እያገዘች እንሰት ስትፍቅ፣ ስታብላላና ቆጮ ስትጨምቅ ያደገች ከሆነች ግን አንዱ ደረጃ ከተበላሸ ቀጣዩ እንደማይቃና ጠንቅቃ ታውቃለች። የምርት ቅደም ተከተልን የሚያስረዳ አሠልጣኝ ከዚህ ቢነሣ ብዙ ገለጻ ይቀርለታል። በእኔ እምነት ይህ ዕውቀት በሥልጠና ዕቅድ ውስጥ ቦታ አለማግኘቱ ትልቅ ብክነት ነው።

የቋንቋውም ጉዳይ ከዚሁ ይያያዛል። መመሪያው በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ገለጻው በአማርኛ ተሰጥቶ፣ ሠልጣኟ የምታስበው በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ከሆነ ቁም ነገሩ በየመሸጋገሪያው ይሸራረፋል። ቋንቋውን የሚናገር ነባር ሠራተኛ በረዳት አሠልጣኝነት መመደብና የማሽኑን ክፍሎች በሥዕል ማሳየት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

እጅግ የተለመደውና ብዙ ጉዳት የሚያስከትለው ስህተት ግን መንገርን እንደ ማስቻል መቁጠር ነው። በልብስ ፋብሪካዎች ያለውን የተሰበረ መርፌ አሠራር እንውሰድ። መርፌ ሲሰበር ኦፕሬተሯ ማሽኑን ማቆም፣ ስብርባሪዎቹን በሙሉ መሰብሰብና ለኃላፊው ማስረከብ አለባት፤ ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው መሟላታቸው ሲረጋገጥና ሲመዘገብ ብቻ አዲስ መርፌ ይሰጣታል። አንድ ቁራጭ ከጠፋ በዙሪያው ያለው ልብስ ሁሉ ይፈተሻል፤ ልብሱ ውስጥ የቀረ ስብርባሪ የሚለብሰውን ሰው፣ ምናልባትም ሕፃንን፣ ሊወጋ ይችላልና። ይህን ደንብ በአዳራሽ አንብቦ ማስፈረም ይቻላል። ይሁን እንጂ ታርጌት (በተወሰነ ጊዜ ልትሰፋ የሚጠበቅባት መጠን) ያላት ሠራተኛ መርፌ ሲሰበርባት የመጀመሪያ ስሜቷ መደንገጥ፣ ሁለተኛው መደበቅ ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ ሠራተኛዋ ወደምትሠራበት ማሽን የተሰበረ መርፌ ይዞ መቅረብ፣ ምክንያቱን እየተናገረ እያንዳንዱን ደረጃ ማሳየት፣ ቀጥሎም እርሷ እየሠራች ለምን እንደምትሠራው በራሷ አንደበት እንድትናገር ማድረግ አለበት። ይህ አካሄድ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ፋብሪካዎች አዳዲስ ሠራተኞችን በፍጥነት ለማብቃት የተዘረጋው ሥልጠና ሠልጣኙን ማዘጋጀት፣ ማሳየት፣ ማሠራትና መከታተል በሚሉ አራት ደረጃዎች የተገነባ ነበር። ዛሬ በአገራችን በካይዘን ስም የምናውቀው የተከታታይ መሻሻል አሠራርም ከጃፓን ከመምጣቱ በፊት ከዚሁ ሥልጠና ብዙ ወስዷል።

ከአራቱ ደረጃዎች ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመጨረሻው ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሔርማን ኤቢንግሐውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው በቃሉ ያጠናው ነገር አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሚዘነጋ፣ እያረፉ መደጋገም ግን እንደሚያጸናው አሳይቷል። ስለዚህ ሙሉ ቀን ከሚሰጥ አንድ ሥልጠና ይልቅ በየፈረቃው መጀመሪያ የሚሰጥ የአሥር ደቂቃ ልምምድ ይመረጣል። ሥልጠናን ከፈረቃ በኋላ፣ ሠራተኛዋ ደክማ የሰርቪሱን መሄጃ ሰዓት በምትጠብቅበት ጊዜ ማድረግም መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ሱፐርቫይዘሩን ከሥልጠናው ውጭ ማድረግም እንዲሁ። አሠልጣኙ መርፌ ሲሰበር ማሽኑን አቁሚ ብሎ ያስተማራትን ሠራተኛ ሱፐርቫይዘሩ ለምን ቆምሽ ብሎ ከተቆጣት፣ በማግስቱ የምትከተለው የሱፐርቫይዘሩን ቃል ነው። የላይን (የስፌት መስመር) ኃላፊዎች ከሠራተኞቹ ቀድመው መሠልጠን፣ ለፍተሻ የሚጠፋው ጊዜም ከታርጌቱ ላይ መቀነስ ይኖርበታል።

በመጨረሻም የሥልጠናን ውጤት በተሳታፊ ብዛትና በሰርተፍኬት መለካት አለ። አሜሪካዊው የሥልጠና ምዘና ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ማቅረብ በጀመረው የምዘና ስልት የሠልጣኙ እርካታ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው፤ ከእርሱ በላይ ምን እንደተማረ፣ ሥራው ላይ ምን እንደለወጠና ድርጅቱ ምን ውጤት እንዳገኘ ይመዘናሉ። ለአንድ የስፌት ላይን ይህ ከባድ አይደለም። ከሥልጠናው በፊት በነበረው ወርና ከሥልጠናው በኋላ ባለው ወር ጉድለት ተገኝቶባቸው እንደገና የተሰፉ ልብሶችን ቁጥር ከኳሊቲ መዝገብ ማነጻጸር፣ ሪፖርት የተደረጉ የተሰበሩ መርፌዎችንም እንዲሁ መቁጠር ይቻላል። የመርፌው ቁጥር ከሥልጠና በኋላ ቢጨምር ኃላፊው ለቁጣ መቸኮል የለበትም፤ ቀድሞ ይደበቅ የነበረው አሁን መነገር ጀምሮ ሊሆን ይችላልና በቅድሚያ ሠራተኞቹን ሊጠይቃቸው ይገባል።